ፍራንክሊን የማን ልጅ ነው? የመምህርቷ ወይስ የሰዓሊው?

የክርክሩ መነሻ ይሄ ነው። በቻርልስ ሹልዝ "ፒነትስ" ውስጥ፣ ያ ቻርሊ ብራውንና ውሻው ስኑፒ ያሉበት የአሜሪካ ጋዜጣ ካርቱን፣ ፍራንክሊን የሚባል ጥቁር ልጅ አለ። ካርቱኑ የጀመረው በ1950 ነው፣ እሱ ግን ብቅ ያለው ጁላይ 31፣ 1968 ነው (ቀኑም ዓመቱም በፈረንጅ)። ከዛ በፊት ሃሪየት ግሊክማን የምትባል የሎስ አንጀለስ ሴት፣ የቀድሞ አስተማሪ፣ ጥቁር ልጅ አስገባ ብላ ለሹልዝ ጽፋለት ነበር። ታዲያ ልጁን ያመጣው ደብዳቤው ነው ወይስ ብዕሩ? አንዷ ለመምህርቷ አንዱ ለሰዓሊው ቆመው ይሟገታሉ።

ለመምህርቷ፦ እኔ ብዙ ፍልስፍና አልፈልግም፣ ቀኖቹን ብቻ እዩልኝ። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው ኤፕሪል 4፣ 1968 ነው። ግሊክማን የጻፈችው ኤፕሪል 15። ሹልዝ ኤፕሪል 26 መለሰላት፣ መልሱ ምን መሰላችሁ፣ ሀሳብሽ ደስ ይለኛል ግን እንደ ሌሎቹ ሰዓሊዎች እኔም እፈራለሁ፣ ጥቁር ወዳጆቻችንን ከላይ ሆነን የምናባብል እንዳይመስልብን። ይሄ እኮ እምቢታ ነው፣ ጨዋ እምቢታ። እሷ ግን አልለቀቀችውም፣ ደብዳቤህን ለጥቁር ጓደኞቼ ላሳያቸው ወይ ብላ አስፈቀደች፣ ከነሱም አንዱ ኬኔት ኬሊ፣ የሁለት ልጆች አባትና ኢንጂነር፣ ራሱ ለሹልዝ ጻፈለት። ጁላይ 1 ላይ ሹልዝ በወሩ መጨረሻ ሳምንት የሚወጣውን እዪው ደስ ይልሻል ብሎ ላከላት። አስራ ስምንት ዓመት ሊሞላ ያልመጣ ልጅ በሶስት ወር ተኩል ከተፍ አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ለሰዓሊው፦ እህቴ ቀኖቹ ላይ ጸብ የለኝም፣ ግን ቀድሞ የመጣ ሁሉ ወላጅ አይደለም። ግሊክማን እኮ ለሹልዝ ብቻ አይደለም የጻፈችው፣ ሜሪ ዎርዝ የሚባለውን ካርቱን ለሚደርሰው ለአለን ሳውንደርስም ጽፋለች፣ እሱም እስማማለሁ ግን ጋዜጦቹ ይጥሉኛል አይነት ነገር ብሏት በዛው ቀረ። ያቺው ሴትዮ፣ ያው ሰሞን፣ ያው ጥያቄ። አንዱ ጋ ልጅ መጣ አንዱ ጋ ምንም የለም፣ ልዩነቱ ታዲያ ፖስታው ነው ተቀባዩ? ደግሞ ሰውየው ደብዳቤ እስኪደርሰው እንቅልፉን ሲለጥጥ ነበር አይባልም። በ1967 ሆዜ ፒተርሰን የሚባል ግማሽ ሜክሲኳዊ ግማሽ ስዊድናዊ ልጅ በካርቱኑ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ አስገብቷል። ሞሪ ተርነር፣ በ1965 ነጩም ጥቁሩም ልጅ አንድ ላይ የሚጫወትበትን "ዊ ፓልስ" የጀመረው ጥቁር ካርቱኒስት፣ ወዳጁ ነው። ነገሩ ውስጡ ሲብላላ ቆይቷል ነው የምልሽ።

ለመምህርቷ፦ ሆዜን ተወው፣ ብልጭ ብሎ የጠፋ ልጅ ነው። ተርነርን ግን ባታነሳው ይሻልህ ነበር። ዊ ፓልስ ሲጀምር የያዙት አምስት ጋዜጦች ብቻ ናቸው፣ መቶ ያለፉት ኪንግ ከተገደለ በኋላ ነው። ወዳጁ አጠገቡ ሆኖ ሶስት ዓመት መንገዱን እያሳየው ሹልዝ ዝም ካለ፣ ዝምታውን የሰበረው ማነው? መልሱን አንተው በለው።

ለሰዓሊው፦ እሺ ወደ ስዕሉ እንግባ፣ ምክንያቱም ሁላችንም ስለ ደብዳቤ እያወራን ካርቱኑን የሚያነብ ጠፋ። ቻርሊ ብራውን ባህር ዳርቻ ላይ ነው፣ እህቱ ኳሱን ውሃ ውስጥ ወርውራበታለች። አንድ ልጅ ኳሱን ይዞለት ይመጣል፣ ያንተ ነው ወይ ይለዋል፣ እዛ እየዋኘሁ ተንሳፍፎ መጣ ይለዋል። ከዛ ቻርሊ የሰራውን የአሸዋ ግንብ አይቶ ትንሽ ጠመም ብሏል ይለዋል፣ ቻርሊም እኛ ሰፈር እኔ ነገር አስተካክዬ በመስራት አልታወቅም ብሎ ይመልሳል። በቃ ይሄው ነው። ስለ ቀለም አንድ ቃል የለም። ግን አስቢው፣ ሚሲሲፒ ቢሎክሲ ላይ በ1960 ጥቁሮች ባህሩ የኛም ነው ብለው ስለገቡ በዱላ የተደበደቡበት አገር ነው፣ እዚህ ደግሞ ልጁ እየዋኘሁ ነበር ይላል እንደ ተራ ነገር። በማግስቱ ወሬያቸው አባቶቻቸው ናቸው፣ የፍራንክሊን አባት ቬትናም ነው፣ የቻርሊ አባት ፀጉር አስተካካይ ነው፣ እሱም ጦርነት ሄዶ ነበር ግን የትኛው እንደሆነ አላውቅም ይላል ቻርሊ። በሶስተኛው ቀን ደግሞ እናትህን አስፈቅደህ እኛ ቤት መጥተህ እደር ይለዋል። እደር! በ1968! ይሄን ማን ጻፈለት? ግሊክማን ናት?

ለመምህርቷ፦ ቆንጆ አድርገህ ተረክከው፣ እኔም ያንን ሶስት ቀን እወደዋለሁ። ግን ያ ቃል የለም ያልከው ነገር፣ ያ ጸጥታ፣ እሱ ራሱ ከደብዳቤ የመጣ ነው። ኬሊ እኮ የጻፈለት በግልጽ ነው፣ ባባልክ ብትባልም ለሚገኘው ጥቅም ትንሽ ዋጋ ናት፣ መጀመሪያ ጥቁር ልጅ እንደ ማንኛውም ልጅ ከጀርባ ይታይ፣ ሳይጮኽ፣ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ለዋና ገጸ ባህሪ መንገድ ይከፈታል ነው ያለው። የሹልዝን ፍርሃት የፈታው ይሄ ነው፣ እንዴት ላድርገው ለሚለው ሰው እንዲህ አድርገው የሚል መልስ ከጥቁር አባት እጅ ደረሰው።

ለሰዓሊው፦ አየሽ እዚህ ጋ ያዝኩሽ። ኬሊ ከጀርባ ይታይ አለ፣ ሹልዝ ግን ከጀርባ አላደረገውም፣ ፊት ለፊት አምጥቶ አናገረው፣ አባት ሰጠው፣ እደር አስባለለት። ከተጠየቀው በላይ ሄደ ማለት ነው። ዋጋውንስ ማን ከፈለ? ፍራንክሊን ከካርቱኑ ነጭ ልጆች፣ ከነ ፔፐርሚንት ፓቲ ጋር አንድ ክፍል ሲቀመጥ ከደቡብ አንድ ኤዲተር ጥቁር ልጅ ይኑር ግን ትምህርት ቤት አንድ ላይ አታሳየን ብሎ ጻፈ። ካርቱኑን ለጋዜጦች የሚያከፋፍለው ድርጅት (ሲንዲኬቱ) ፕሬዚዳንት ላሪ ራትማን ቀየር ቢደረግ ብሎ ሲከራከረው ሹልዝ ወይ እንደሳልኩት አትሙት ወይ እለቃለሁ አለው። ወላጅ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ለመምህርቷ፦ የራትማንን ታሪክ የነገረን ማነው፣ ራሱ ሹልዝ አይደል? ከዓመታት በኋላ በቃለ መጠይቅ። አልዋሸም አልልም፣ ደፍሮ ሊሆን ይችላል፣ ደፍሯል ልበልህ። ልጅ መጠበቅና ልጅ ማሳደግ ግን ይለያያል። ኬሊ መጀመሪያ ከጀርባ በኋላ ዋና አለ፣ ሹልዝ ገለበጠውና መጀመሪያ ፊት ለፊት ከዛ ሰላሳ ዓመት ከጀርባ አደረገው። ከካርቱኑ ልጆች ላይነስ ብርድ ልብሱ አለው፣ ሉሲ ቁጣዋ፣ ሽሮደር ፒያኖው፣ ፍራንክሊን ምን አለው? ጨዋነት ብቻ! በ1973ቱ የታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል) የቲቪ ፊልም ላይ ጠረጴዛው አንድ ጎን ብቻውን ተቀምጧል፣ ያውም ተጣጣፊ ወንበር ላይ። የአባቱ ስም እንኳን የመጣለት በ1990ዎቹ ነው፣ ሹልዝ ሮብ አርምስትሮንግ ለሚባል ጥቁር ካርቱኒስት ደውሎ ስምህን ልዋስ ብሎት።

ለሰዓሊው፦ ሽሮደርስ የአባት ስም አለው እንዴ? ፒግፔንስ? የቲቪውን ወንበር ደግሞ፣ ፊልሞቹን የሚሰሩት እነ ቢል ሜሌንዴዝ ስቱዲዮ ውስጥ የተሰራውን ሁሉ ሹልዝ ላይ አትለጥፊ። ጨዋነቱንም ሰውየው አልደበቀውም፣ ጥቁር ልጅ ሆኖ ማደግ ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ብዙ አልሰራሁበትም ብሏል። የማያውቀውን ዝም ብሎ ቢቀባጥር ይሻል ነበር?

ለመምህርቷ፦ አያውቅማ። ኬሊ ግን ያውቃል፣ አድራሻውም እጁ ላይ ነበር።

ለሰዓሊው፦ ሹልዝ ሰው አማክሮ የሚስል ሰው መሰለሽ? ሃምሳ ዓመት ሊሞላ መስመሩንም ፊደሉንም ራሱ ነው የሳለው፣ ለጋዜጣው ካርቱን አንድ ረዳት አልቀጠረም።

ለመምህርቷ፦ ብዕሩን ይስጠው ማን አለ። በ1968 ግሊክማን ስለጠየቀችለት ነው መልሱ ከነ አሰራሩ በፖስታ የመጣለት፣ ከዛ በኋላ ባሉት ሰላሳ ምናምን ዓመታት ራሱ አንድ ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ ምን ያስፈራው ነበር?