ልጁ ለምን አልዳኸም?

ውጭ አገር የወለዱ የኛን ሰዎች እዩልኝ። ልጁ ሳምንት ሳይሞላው ስልካቸው ላይ አፕ ተጭኗል። ስንት ደቂቃ ጠባ፣ ከየትኛው ጡት፣ ስንት ዳይፐር አረጠበ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ አንድም ሳይቀር ይመዘገባል። አገር ቤት ማን ይመዘግባል? ቤቱ በሰው ይሞላና ያየ ሁሉ ይፈርዳል። "ይሄ ልጅ አልጠገበም።" "ምነው ይደነግጣል?" እዚህ የሚያስጨንቀው ቁጥሩ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሰዉ። ዲያስፖራው አሁን አሁን ሁለቱንም ደርቦ ነው የሚቀበለው፤ አፑ ሲያስጠነቅቀው ያመሽና ጠዋት ደግሞ አያትየው በቪዲዮ ትደውላለች።

የሚገርመኝ ግን እዚህም እዚያም የሚያስደነግጡን ነገሮች አብዛኞቹ ጤነኛ መሆናቸው ነው። ክብደትን ብንወስድ፣ አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መክሳቱ ያለ ነው። ከተወለደበት ክብደት 7 በመቶ፣ አንዳንዴም እስከ 10 በመቶ ይቀንስና ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው ይመልሰዋል። 3 ኪሎ ከ500 የተወለደው ልጅ 3 ኪሎ ከ250 ሆኖ ሲመዘን አባት ጎግል ሲያደርግ ያድራል፣ አያት ደግሞ "ከሳብኝ" ብላ ታለቅሳለች። ልጁ እየጠባ፣ እየሸና፣ ተኝቷል። ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ግን አጠባቡ በባለሙያ ይታይ።

አተነፋፈሱም እንደዚያው ነው። ሌሊት እናትየው የስልኳን መብራት በእጇ ከልላ ደረቱን ታያለች። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ቀጥ! ለጥቂት ሰከንድ ምንም የለም። የእሷም ትንፋሽ አብሮ ይቆማል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ቆም የሚለው ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነና ከንፈሩ ካልጠቆረ የጨቅላ አተነፋፈስ ነው፣ እያደገ ሲሄድ ይጠፋል። በር ሲጋጭ ሁለት እጁን በርግዶ መልሶ የሚሰበስበውም አብሮት የተወለደ ነው፤ 6 ወር እስኪሞላው ይተወዋል። የአንዳንድ አራሶች ጡት ያብጣል፣ የወንዶቹም ጭምር። ከእናቱ የመጣ ሆርሞን ነው፤ አይነካ፣ አይጨመቅ፣ በራሱ ይሟሽሻል።

ለቅሶው ላይ ግን አገር ቤት ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። የሕፃን ለቅሶ ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየባሰ ይሄድና ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይከፋል፣ በሦስትና በአራት ወሩ ይበርዳል። ጠግቦም፣ ዳይፐሩ ተቀይሮም ያለቅሳል፣ በተለይ ሲመሽ። አገር ቤት ያኔ አንዷ "በይ አምጪው፣ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ" ብላ ትቀበላለች። እዚህ አባት ሺፍት ገብቷል፣ ጎረቤት በግድግዳ በኩል ሰምቶ ዝም ይላል፣ አፑም እናትየውን "ልጅዎ ዛሬ ብዙ አልቅሷል" ይላታል። ብራቮ፣ እሷማ የት ሄዳ ነበር!

ሲያድግ ደግሞ የመዳህና የመሄድ ጣጣ ይመጣል። ዳያስፖራው ሰንጠረዥ ይገልጣል፣ አገር ቤት "የእንትና ልጅ በ10 ወሩ ሄዷል" ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የእድገት መመዘኛ ግን ለሁለቱም የሚሆን መልስ አለው። ከተለያዩ አህጉራት ጤነኛ ልጆች ሲታዩ ብቻውን ቆሞ መሄድ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ልብ በሉ፣ በመካከሉ ከ9 ወር በላይ ልዩነት አለ! በእጅና በጉልበቱ ሳይድህ የሄደም አለ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 መዳህን ከእድገት ምልክቶች ዝርዝሩ አውጥቶታል። ሐኪምን በተለይ የሚያሳስበው ልጁ ይችለው የነበረውን ነገር ሲተው ነው።

አገር ቤትን የምወቅሰው "ያልፋል" በምትባል ቃል ነው። የልጁ ቆዳና ዓይን ቢጫ መሆን በሁለተኛ ሦስተኛ ቀን ሲመጣ የተለመደ ነው፤ በተወለደ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ከታየ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት። አልጠባም ካለ፣ ዝልፍልፍ ካለ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረም እንደዚያው። 3 ወር ያልሞላው ልጅ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ እስኪነጋ አይቆይም። ግንባሩን በእጅ ዳሶ "ትንሽ ሞቆታል እንጂ ደህና ነው" ማለት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ለሌላው ነገር ሁሉ የምንስቅበት ቁጥር እዚህ ጋ ያስፈልጋል፣ ቴርሞሜትሩም ከአፑ በፊት ይገዛ።