ካናዳ የተወለደው «የሱዳን እብድ»

«ሬስሊንግ እኮ ውሸት ነው» የሚባለው ክርክር እዚህ ባህር ዳር አያልቅም በቃ። ማንጎ ፓርክ ቡና ይዛችሁ ጣናን እያያችሁ ብትቀመጡ ከጎናችሁ ካሉት ልጆች አንዱ ማንሳቱ አይቀርም፣ የሬስሊንግ ኮከቡ ሃልክ ሆጋን ሐምሌ 2025 ላይ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት (ዓመተ ምህረቱን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ግር እንዳይላችሁ)። አንዱ «የልጅነቴ ጀግና ሞተ» ሲል ሌላው «ድራማ ነበር እኮ ስታይ የኖርከው» ይለዋል፣ ከዚያ ማን ያቆማቸዋል።

እኔን ክርክሩ የሚሰለቸኝ መልሱ ከታወቀ ስለቆየ ነው። ትልቁ የአሜሪካ የሬስሊንግ ድርጅት፣ የዛሬው ደብልዩ ደብልዩ ኢ፣ ያኔ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ እየተባለ፣ በ1989 ለኒው ጀርሲ ሴኔት የምንሰራው መዝናኛ እንጂ ውድድር አይደለም ብሎ በይፋ አስረድቷል። ህሊናቸው ወቅሷቸው እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ ስፖርት ነው ከተባለ የስቴቱ የስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥር አለ፣ ክፍያ አለ፣ ስለዚህ ለብር ሲሉ ለመቶ ዓመት ገደማ ሲጠብቁት የኖሩትን ሚስጥር ራሳቸው አፍረጠረጡት። ባለቤቱ ያመነውን ነገር እኛ ቡና እያቀዘቀዝን የምንከራከርበት ምክንያት አይገባኝም። ይልቅ ማን ሆነው ነው የዋሹት፣ ለማንስ ብለው ነው የሚለው ጥያቄ ነው የሚጣፍጠው፣ የሬስሊንግን ታሪክ መመርመር የሚፈልግ ሰው ቢሰማኝ ከዚህ ቢጀምር እላለሁ።

በኔ እድሜ ያለን ሰዎች ነገሩን ያወቅነው በሰፈር ቪዲዮ ቤት ነው፣ በሽልንግ ገብተን አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ ኋላ ደግሞ ዲሽ ሲገባ በዓረብ ቻናል። የሚያወራው ሰውዬ ዓረብኛ ያውራ እንግሊዝኛ ለኛ ልዩነት አልነበረውም፣ ሁለቱም አይገባንማ! ግን ማን ጥሩ ማን ክፉ እንደሆነ ገና ሲገባ እናውቃለን። መብራቱ ጠፍቶ ያ ደወል ሲደወል ቤቱ ሙሉ ጸጥ ይላል፣ አንደርቴከር የሚባለው ሬስለር ሞቶ የተነሳ ሰው ነው ብሎ በእናቱ የሚምል ልጅ ነበር። ጊሚክ የሚሉት ይሄንን ነው፣ ስሙ፣ ልብሱ፣ ሙዚቃው፣ አረማመዱ፣ መጣሁበት የሚለው አገር፣ ሁሉም ተደምሮ። ዘጌ ተሻግራችሁ ኡራ ኪዳነ ምህረት ግድግዳውን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጻድቁ ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው ግን በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው፣ ፊደል ያልቆጠረ ምእመንም ማን ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይለያል። (ቤተ ክርስቲያንን ከሬስሊንግ ጋር አወዳደረ እንዳትሉኝ፣ የማወራው ስለ ተመልካች ዓይን ነው።) ሬስሊንግም ሂል የሚሉትን ክፉውንና ቤቢፌስ የሚሉትን ደጉን ሰው ሳይነግሩህ እንድትለይ አድርጎ ነው የሚያቀርባቸው።

መጀመሪያ ላይ ግን ይሄ ሁሉ አልነበረም። በ1908 ቺካጎ ላይ ፍራንክ ጎች ጆርጅ ሃከንሽሚድትን ያሸነፈው ሁለት ሰዓት ያህል ከተናነቁ በኋላ ነው። በ1916 ደግሞ ኦማሃ ላይ ጆ ስቴቸርና ስትራንግለር የሚባለው ኤድ ሉዊስ አምስት ሰዓት ገደማ ተያይዘው ቆይተው አቻ ተለያዩ። አምስት ሰዓት! እስቲ ማን ይቀመጥልሃል? ገበያው እየሞተ ሲሄድ በ1920ዎቹ ሉዊስ ራሱ ከማናጀሩ ከቢሊ ሳንዶውና ቱትስ ሞንት ከሚባል ሰው ጋር ሆኖ ነገሩን አስተካከሉት፣ የሰዓት ገደብ አደረጉበት፣ ትግሉን አፈጠኑት፣ ታጋዮቹን በኮንትራት ይዘው ከከተማ ከተማ ማዞር ጀመሩ፣ ማን እንደሚያሸንፍም ቢሮ ውስጥ ይወሰናል።

ከዚያ ዘመን እኔ በጣም የምወዳት ታሪክ የ1925ቷ ናት። ሶስቱ ሰዎች ሻምፒዮን ያደረጉት ዌይን መንን ነበር፣ ኔብራስካ ውስጥ የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወት፣ ግዙፍ፣ ቲኬት የሚያሸጥ ልጅ፣ ችግሩ ትግል አይችልም። ውጤቱ ቢሮ ውስጥ እስከተወሰነ ድረስ አለመቻሉ ምን ችግር አለው ብለው ይሆናል፣ ሚያዝያ ላይ ስታኒስላውስ ዝቢሽኮ የሚባል አንጋፋ ፖላንዳዊ ሊሸነፍለት ተስማምቶ ፊላደልፊያ ላይ ገጠመው። ዝቢሽኮ ግን በጎን ከተፎካካሪዎቻቸው ጋር ጨርሶ ነው የመጣው። ገባና ልጁን የምሩን ያዘው፣ ጣለው፣ ደግሞ ጣለው፣ ዳኛውስ ምን ያድርግ፣ ሰው ሁሉ እያየ የልጁ ትከሻ መሬት ነክቷል፣ ተሸንፈሃል ማለት ነው እንጂ። የሻምፒዮንነቱ ቀበቶ ሄደ። ውሸቱ መሃል እውነት ገብቶ ቢዝነሱን ያናጋበት ማታ ነው፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሻምፒዮን የሚደረገው ሰው ድንገት ቢከዱት ራሱን የሚያድን የምር ታጋይ ይሁን የሚል ጥንቃቄ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ «ውሸት ነው» ብሎ የዘጋ ሰው ይሄ ሁሉ ያመልጠዋል።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ፣ ጎርጅየስ ጆርጅም አብሮ መጣ። ፀጉሩን ወርቃማ አስቀልሞ ተጠቅልሎ፣ ካባ ለብሶ፣ አሽከሩ ከፊት ከፊት ሽቶ እየረጨለት ሪንግ የሚገባ ሰውዬ ነው፣ ህዝቡ የሚከፍለው እሱ ሲሸነፍ ለማየት ነበር። መሐመድ አሊ በ1961 ላስ ቬጋስ ላይ አግኝቶት ያ ሁሉ ጉራ እንዴት ቲኬት እንደሚያሸጥ ከሱ እንደተማረ ራሱ ተናግሯል።

ታሪኩን ለማጥናት የሚያስቸግረው አዘጋጆቹ ታሪኩንም ራሱን እንደ ድራማ መጻፋቸው ነው። በ1963 በዲ ሮጀርስ የደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ (የያኔው የደብልዩ ደብልዩ ኢ ስም ነው) የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ፣ እንዴት? ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ በተደረገ ውድድር አሸንፎ ተባለ። በ1979 ፓት ፓተርሰን የኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶ የመጀመሪያው ባለቤት ሆነ፣ እንዴት? ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ በተደረገ ውድድር። ሁለቱም ውድድሮች ጭራሽ አልተደረጉም! ኧረ ቢያንስ ሌላ ከተማ ፈልጉ እንጂ፣ ብራዚል ሩቅ ስለሆነ ማን ሄዶ ያጣራል ብለው ነው መቼም። ስለዚህ ከፕሮግራም መጽሔታቸው የፖሊስ መዝገብ ይሻላል እላለሁ፣ የምሬን ነው። በ1987 ኒው ጀርሲ ውስጥ ፖሊስ አንድ መኪና አስቁሞ ሁለት ሰዎች ያዘ፣ አንዱ የአሜሪካ ባንዲራ እያውለበለበ የሚገባው ሃክሶው ጂም ደጋን፣ ሌላው ደመኛው የኢራኑ አይረን ሺክ። ማታ ማታ የሚጠፋፉት ሰዎች አንድ መኪና ውስጥ! ኬይፌብ የሚሉት፣ ማለትም ድራማውን ከሪንግ ውጭም እንደ እውነት የመኖር ህጋቸው፣ መንገድ ዳር ላይ ፈረሰ።

ይሄ አይረን ሺክ ደግሞ ዋናውን ነጥቤን ያሳይልኛል። ሰውዬው የምር ኢራናዊ ነው፣ የምርም ታጋይ ነበር፣ የቴህራኑ የአሜሪካ ኤምባሲ ታጋቾች ጉዳይ ገና ባልበረደበት ጊዜ የክፉ ሰው ቦታ ተሰጠው፣ ጥር 1984 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ሆጋን ቀበቶውን ወሰደበት፣ አሜሪካ ጨፈረች። በ1991 የባህረ ሰላጤው ጦርነት ሲመጣስ? ያንኑ ሰውዬ የኢራቅ ወታደር ልብስ አለበሱትና ኮሎኔል ሙስጠፋ አሉት። ኢራንና ኢራቅ እኮ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲተላለቁ የኖሩ ናቸው፣ እነሱ ግን ምን ገዷቸው፣ የዘመኑ ጠላት ኢራቅ ነው በቃ። የሶቪየት መዝሙር እየዘመረ ህዝብ ሲያበሳጭ የነበረው ኒኮላይ ቮልኮፍ ዩጎዝላቪያ የተወለደ ክሮኤሺያዊ ነው፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ሲበርድ በ1990 ደግ አደረጉት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበሩት «ጀርመኖች»ም እንደዛው ናቸው፣ ፍሪትዝ ቮን ኤሪክ የቴክሳስ ልጅ፣ ሃንስ ሽሚት ካናዳዊ። ጃፓኖች በበኩላቸው ሪኪዶዛን የሚባለው ታጋያቸው ነጭ አሜሪካኖችን ሲጥል አደባባይ በቆመ ቴሌቪዥን ተሰብስበው እያዩ ያለቅሱለት ነበር፣ የነሱ ጀግና ደግሞ ኮሪያ የተወለደ ነው፣ ያ ተደብቆ ነው የኖረው። በ2005 መሐመድ ሃሰን የሚባለው ዓረብ ገጸ ባህሪ ከለንደኑ የቦምብ ጥቃት በኋላ ከቴሌቪዥን ሲወርድ ልጁ ኒው ዮርክ ስቴት ያደገ ጣሊያን አሜሪካዊ ነበር። የጊሚኮችን ዝርዝር በዓመት በዓመት ብትደረድሩት አሜሪካ በየዘመኑ ማንን እንደፈራች ይነግራችኋል፣ ጋዜጣ ማገላበጥ አያስፈልግም።

አሁን ወደኛ ሰፈር እንምጣ። አብዱላ ዘ ቡቸር ይባላል፣ «የሱዳን እብድ» እየተባለ ነው አገር ላገር የዞረው፣ በሹካ ነበር ሰው የሚወጋው፣ የሱም ግንባር በምላጭ ብዛት ተሰነጣጥቆ ቦይ ሰርቷል፣ ሳንቲም ቢሰኩበት ይቆማል። የተወለደው የት ነው? ዊንድሰር፣ ኦንታሪዮ፣ ካናዳ። ዓባያችን ከዚህ ከጣና ወጥቶ ሱዳን ይገባል፣ እኔ እስከማውቀው ዊንድሰርን አያልፍም። ካማላ ደግሞ «የኡጋንዳው ግዙፍ»፣ የኢዲ አሚን ጠባቂ የነበረ ተብሎ የቀረበው፣ ስሙ ጄምስ ሃሪስ ነው፣ ሚሲሲፒ የተወለደ። በ1982 ሜምፊስ ላይ ጄሪ ሎውለርና ጄሪ ጃሬት ናቸው የፈጠሩት፣ ፊቱንና ሆዱን ቀለም ቀብተው፣ በባዶ እግሩ አቁመው፣ ጦር አስይዘው፣ የማስተዋወቂያ ቪዲዮውን እዚያው ቴነሲ የጃሬት ግቢ ውስጥ ጭስ እየለቀቁ ጫካ አስመስለው ቀረጹት። መናገር አይችልም ተባለ፣ ትግል ሲያሸንፍ ሰውን እንዴት ተጭኖ እንደሚያስቆጥር እንኳ አያውቅም፣ ሳፋሪ ልብስ የለበሰ ጠባቂ እየጎተተ ያስገባዋል ያስወጣዋል። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ይሄን እያየን የምንስቀው ሳቅ አሁን ሳስበው ይገርመኛል፣ እሱ «አፍሪካዊ» እኛ ደግሞ ሌላ አህጉር የምንኖር ይመስል።

ሃሪስን አልወቅሰውም፣ እንጀራው ነው። ከባድ መኪናም ነድቷል፣ በስኳር በሽታ ሁለቱንም እግሩን አጥቶ ነሐሴ 2020 በኮቪድ ምክንያት ሞተ። በ1992 ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ከአንደርቴከር ጋር ሲጋጠም የተከፈለው ገንዘብ ከአንደርቴከር ጋር ጭራሽ የማይገናኝ እንደነበር እስኪሞት ድረስ ሲያማርር ኖሯል። ወቀሳው ለጸሐፊዎቹ ነው።

ምክንያቱም ልብ በሉ፣ ጀርመኑ ሄደ፣ ሩሲያዊው ደግ ሆነ፣ ኢራናዊው ኢራቃዊ ሆነ፣ የሌላው ሁሉ ጊሚክ ከዜናው ጋር ይቀያየራል። የአፍሪካው ግን ከዜና ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ ኢዲ አሚንን ለማጣፈጫ ከመጨመራቸው በቀር። በ1990 የቨርጂኒያውን ልጅ ቶኒ አትላስን ሳባ ሲምባ ብለው ላባ ደፍተውለት ጋሻና ጦር አስያዙት (ሳባ! የንግሥቲቱን ስም ከየት እንዳገኙት እንጃ)። ይሄ ድሮ ነው ካላችሁ 2021 ድሮ አይደለም፣ አፖሎ ክሩስ አሜሪካ የተወለደ የናይጄሪያ ዝርያ ያለው ልጅ ነው፣ ለዓመታት እንደማንኛውም አሜሪካዊ ሲያወራ ቆይቶ ድንገት አነጋገሩን አስቀየሩት፣ ጠባቂ መደቡለት፣ ጦር ሰጡት፣ ሬስልማኒያ በሚሉት የደብልዩ ደብልዩ ኢ የዓመቱ ትልቅ ዝግጅት ላይ «የናይጄሪያ ከበሮ ፍልሚያ» የሚባል፣ ህጉ ምን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ግጥሚያ አሸንፎ ቀበቶ ወሰደ። ልጁ በዘሩ ቢኮራ ደስ ይለኛል፣ ግን ከ1982 እስከ 2021 ያቺው ጦር!

ከሁሉም የሚያስቀው ኮፊ ኪንግስተን ነው። የምር አፍሪካ፣ ጋና የተወለደ፣ ቦስተን ኮሌጅ የተማረ ሰው ሲያገኙ በ2008 ቴሌቪዥን ላይ ምን ብለው አቀረቡት? ጃማይካዊ! ከነአነጋገሩ ከነሙዚቃው። ሻሸመኔ ድረስ የመጡት ጃማይካውያን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን። በቀጣዩ ዓመት ያንን አነጋገር ያለ ብዙ ማብራሪያ ተወው፣ ሚያዝያ 2019 ሬስልማኒያ 35 ላይ በራሱ አንደበት፣ ያለ ጦር ያለ ላባ፣ ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ የደብልዩ ደብልዩ ኢ ሻምፒዮን ሆነ፣ በዚያው ዓመት ጋና ሄዶ ህዝቡ ተቀበለው። አስራ አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል ሰውዬው እንደራሱ ሆኖ ቲኬት እንደሚያሸጥ ለማመን።

አሁን በአማርኛ ስለ ሬስሊንግ ታሪክ የሚሰሩ ልጆች እየበዙ ነው፣ ደስ ይላል፣ አንዳንዱማ ድምፁ ራሱ አንደርቴከርን ያስንቃል። ግን ካማላን «ኡጋንዳዊው» ብለው ጀምረው «ኡጋንዳዊው» ብለው ሲጨርሱ አንጀቴ ያርራል፣ ሜምፊስ ላይ የተፈጠረችውን ነገር እኛው አፍሪካ ሆነን በነጻ እያሰራጨንላቸው እኮ ነው። ስለ አንድ ሬስለር ስትሰሩ ሁለቱንም አስቀምጡ፣ መጣሁበት ያለውን አገርና የተወለደበትን፣ የሪንግ ስሙንና እናቱ ያወጣችለትን፣ ቀጥሎ ጊሚኩን ማን እንደሰጠውና በስንተኛው ዓመት እንደሆነ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ጋዜጠኝነት የምትማሩ ልጆችም ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን ስትሉ እሰማለሁ፣ ይኸው፣ በየቪዲዮ ቤቱ በሽልንግ የታየው «አፍሪካዊ» ሁሉ የት የት እንደተወለደ አጥንታችሁ አምጡልን።