የሚኒስትሩ ካውያ

አሮጌ ዕቃ የመግዛት በሽታ የያዘኝ ከአክስቴ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ ሦስት ሳምንት እኛ ቤት አረፈች። በመጣች ማግስት ወጥ ቤት ገብታ የእናቴን ጀበና አነሳች፤ አፉ የተሸረፈውን፣ በጨርቅ የሚወተፈውን። ግራ ቀኝ አገላበጠችውና "ውይ! ይሄ እኮ ቪንቴጅ ነው!" አለች።

እናቴ ደነገጠች። ቪንቴጅ የቆሻሻ ዓይነት መስሏታል። "አጥቤው ነበር እኮ ልጄ፣ ጥቀርሻው ነው አልለቅ ያለኝ" አለች።

"እንዳታስለቅቂው! ዋጋው ጥቀርሻው ነው።"

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

የአክስቴ ልጅ እንዳስረዳችኝ፣ በነሱ አገር አሮጌ ዕቃ ማዕረግ አለው። መቶ ዓመት ከሞላው አንቲክ ይባላል። መቶ ሳይሞላው ወጣትነቱ ካለፈ ደግሞ ቪንቴጅ ነው። በዚህ ስሌት እኔም ቪንቴጅ ነኝ። ገዢ ነው የጠፋው።

ቅዳሜ ቸርችል ጎዳና ይዣት ወጣሁ። ለቱሪስት ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች ወደ አንዱ ገባን። ባለሱቁ ሦስት እግር ያላት ብርኩማ ከመደርደሪያ አወረደ። ሕፃን እንደሚያወርድ አድርጎ ነው ያወረዳት።

"እህቴ፣ ይቺ ቀላል ነገር አይደለችም። አባ ጅፋር ቡና የጠጡባት ናት። 150 ዓመቷ።"

የአክስቴ ልጅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሳትከራከር ከፈለች። ሰውየው ብርኩማዋን በጋዜጣ ሲጠቀልል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኤርፖርት ላይ ከጠየቁሽ ግን አምና የተሠራች ናት በይ። ቅርስ ከመሰለቻቸው የፈቃድ ወረቀት አምጪ ይሉሻል።"

ከመደርደሪያ ወርዳ ጋዜጣ እስክትለብስ 149 ዓመት አነሳት ማለት ነው። እርግጥ ሕጉ ልክ ነው፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። እኔን የገረመኝ ጋዜጣው ነው። እንዲህ ወጣትነት የሚመልስ ከሆነ እኔም ብጠቀለልበት ደስ ይለኛል።

እሷ ብርኩማዋን ይዛ ሄደች። በሽታው ግን እኔ ላይ ቀረ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ብቻዬን መዞር ጀመርኩ። አሮጌ ዕቃ ያለበት ሱቅ ሁሉ አወቀኝ። ያየሁትን የጃንሆይ ስልክ ብቻ ብደምረው፣ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ በየዛፉ ሥር ስልክ ነበረ ማለት ነው። የጃንሆይ ሰዓት፣ የጃንሆይ ሬዲዮ፣ የጃንሆይ ሹካ። ከጃንሆይ ያልወጣ አሮጌ ዕቃ አላጋጠመኝም። ድሀ በዚያ ዘመን ምንም ዕቃ አልነበረውም መሰለኝ።

አንዱ ማርትሬዛ ብር መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ትከብዳለች፤ 28 ግራም ገደማ ናት። "አንብበው፣ 1780 ይላል" አለኝ። አነበብኩት። ይላል። ችግሩ ሁሉም ማርትሬዛ 1780 ነው የሚለው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብሩ በተመታ ቁጥር ዓመቱ እንዳለ ቀረ። ሰው የለመደውን መልክ ካልሆነ አይቀበልማ። አያቶቻችን እኮ ደረቷ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁዎች እየቆጠሩ፣ አንዷ ከጎደለች "ይሄስ አይሆንም" ብለው የሚመልሱ ሰዎች ነበሩ። ሞሶሎኒ እንኳ ሊወረን ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ መምቻውን ከኦስትሪያ ወስዶ 1780 የሚሉ ብሮች ሮም ላይ አስመትቷል። ቪየና ዛሬም ድረስ ትመታለች። ስለዚህ መዳፌ ላይ የተቀመጠችው ንግሥት የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ትሁን የእናቴ እኩያ፣ እንደኔ ያለ ሰው በዓይኑ አይለይም። ዕድሜዋን የደበቀች ሴት ብዙ አይቻለሁ፤ ዕድሜዋን ግንባሯ ላይ ጽፋ የምትዋሽ ግን እሷ ብቻ ናት።

ማርትሬዛዋን መለስኩለትና ካውያውን አየሁት።

የከሰል ካውያ ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ የእንጨት እጀታው ለብለብ ያለ። ጎኑ ላይ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል። ፊት ለፊቱ ክዳኑን የምትይዝ ትንሽ የብረት አውራ ዶሮ አለች። ዶሮዋን ገፋ ሲያደርጓት ክዳኑ ይከፈታል። አራት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። ባለሱቁ አራተኛዋን ሲያይ እንደተያዝኩ ገባው።

"ስድስት ሺህ። የጃንሆይ ሚኒስትር ሱሪ የተተኮሰበት ነው።"

"ኧረ ተው።"

"ቤተሰቦቹ ናቸው ያመጡልኝ።"

"የምን ሚኒስትር?"

"ትልቅ ሚኒስትር።"

አንድ ሰዓት ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ሰውየው ተሰላቸና "ያለ ሚኒስትሩ ከሆነ 2,000 ውሰደው" አለኝ። "ግን ቤትህ እንግዳ ሲመጣ ምን ልትል ነው?"

አሰብኩበት። እውነቱን ነው። ከነሚኒስትሩ በ4,500 ወሰድኩት።

እናቴ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። "ይሄን ደግሞ ከየት ለቅመህ አመጣኸው?" ስለ ሚኒስትሩ ነገርኳት። ሱሪው ግብር ሲጠራ እንደሚለበስ ጭምር ጨመርኩላት፤ ይሄ የራሴ ነው። ሰምታኝ ስትጨርስ የቀሚሷን እጅጌ ሰበሰበች። አንጓዋ ላይ ከድሮ ጀምሮ የማውቃት ጠባሳ አለች፤ የጣት ርዝመት፣ የምታብረቀርቅ። አውቃታለሁ እንጂ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

"የዚህ እህት ናት ያቃጠለችኝ" አለች። "እሑድ ማታ የአምስት ልጅ ዩኒፎርም እተኩሳለሁ። ከሰሉ እንዲፋፋም ደጅ ወጥቼ አወዛውዘዋለሁ። ከመተኮሴ በፊት ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አለ፤ አለበለዚያ ነጩ ሸሚዝ አለቀለት። አንተ ሦስተኛ ክፍል ሳለህ ኪስህ ላይ የነበረችው ቀዳዳ ከየት የመጣች መሰለህ? ፍንጣሪ ናት። መብራት የገባ ዕለት እልል ብዬ ነው ለቆራሌው የሰጠሁት። አንተ አሁን ብር ከፍለህ መልሰህ አመጣኸው?"

"ይሄ የሚኒስትር ነው እኮ እማዬ።"

"የሚኒስትር ከሰል አያቃጥልም?"

ካውያውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ዳንቴሉ ላይ አስቀመጥኩት። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ዳንቴሉን የሠራችው እናቴ ናት፤ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶባታል። በሳምንቱ ካውያውን አንስታ አቧራ ስትጠርግ፣ ነጩ ዳንቴል ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው የዝገት እድፍ ታትሟል። ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ክዳን ያለው ሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ ተቀምጧል።

"ካውያውስ?"

"ቆራሌው ወሰደው። መቶ ብር ብሎኝ ነበር፤ 150 አስገባሁት" አለች፣ በኩራት። "ጆጉን ገዝቼ እንኳ ተርፎኛል።"

ቆራሌውን ልወቅሰው አልችልም። ጆንያውን ተሸክሞ "ቆራሌው!" እያለ ጠዋት ከእንቅልፋችን የሚቀሰቅሰን ሰውዬ የትልቅ ዘር ልጅ ነው። ፓሪስ ውስጥም እነሱን የመሳሰሉ ነበሩ። ሌሊት ሌሊት ከየደጃፉ የተጣለውን እየለቀሙ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ፑቤል የሚባል ሹም "ማንም ቆሻሻውን ደጅ እንዳይደፋ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያጠራቅም" ብሎ አዘዘ። ለቃሚዎቹ እንጀራቸው ክዳን ገጠመ። ሕዝቡም ሹሙን አልረሳውም፤ ፈረንሳዮች የቆሻሻ መጣያን እስከ ዛሬ የሚጠሩት "ፑቤል" ብለው ነው። ለቃሚዎቹ ከከተማው ቅጥር ውጪ፣ ሳን ቱዋን የሚባል ሰፈር ወጥተው ያላቸውን መሬት ላይ ዘረጉ። ገበያው "የቁንጫ ገበያ" ተባለ። አሁን የዓለም ሀብታም እዚያ ሄዶ ወንበርና መስታወት ይመርጣል። ቁንጫው ሄዷል። የሚነክሰው ዋጋው ነው።

ያን ማታ ይህን ሁሉ በስልኬ እያነበብኩ ነበር፤ ልጽናና ብዬ። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ታሪክ ግን እንቅልፌን ወሰደው። አንድ የአሜሪካ ቆራሌው ነው። ሥራው የብረታ ብረት ቁርጥራጭ መነገድ ነው። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ አንዲት የወርቅ እንቁላል ወደ 14,000 በሚጠጋ ዶላር ገዛ። ሐሳቡ አቅልጦ ጥቂት መቶ ዶላር ሊያተርፍ ነው። ገዢዎቹ ግን ወርቋ የከፈልከውን አታወጣም አሉት። ያዳናት ይኸው ኪሳራው ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ አስቀመጣት። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ቀን እንቁላሏ ሆድ ውስጥ ያለችው ሰዓት ላይ የተጻፈውን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈለገ። የሩሲያው ንጉሥ ሦስተኛው አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1887 ለፋሲካ ለሚስቱ የሰጣት፣ ጠፋች የተባለች፣ ፋበርዤ የሚባለው ዝነኛ ጌጥ ሠሪ የሠራት እንቁላል ሆና ተገኘች። ግምቷ 33 ሚሊዮን ዶላር። ባለሙያው ከለንደን መጥቶ ሲያያት ከአንዲት ትንሽ ኬክ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

ብድግ ብዬ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውየው ወጥ ቤት ውስጥ የንጉሥ እንቁላል ነበር። እኛ ቤት ያለው ጆግ ነው።

በማለዳ ምናለሽ ተራ ገባሁ። መርካቶ ውስጥ ከዚህ የሚጮኽ ቦታ የለም። ሁሉም ይቀጠቅጣል። ትናንት ዘይት የያዘ በርሜል በመሮ ተቀዶ ተዘርግቷል፤ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ይሆናል። ጎማው ጫማ ይሆናል፤ ጣሳው ሌላ ነገር ይሆናል። ዕቃ እዚህ አይሞትም፣ ሥራ ይቀይራል። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ያገለገለ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደዚህ ሲያዞረው ትቶልን የሄደው ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ጎንበስ ብዬ ስዞር ቆየሁ። ማዳበሪያ አንጥፎ የተቀመጠ ወጣት ጋ ስደርስ፣ በማጠፊያና በቧንቧ ራስ መሐል የብረቷ አውራ ዶሮ ቀና ብላ አየችኝ።

"ይሄ ስንት ነው?"

"አራት መቶ።"

ከፍዬ መሄድ ነበረብኝ። አራት መቶ ብር ኪሴ ውስጥ አለ። ግን 4,500 የከፈልኩበትን ዕቃ በአራት መቶ ሲጠራው ስሰማ አንድ ነገር ውስጤን ወጋኝ።

"ይሄ እኮ የኔ ነው" አልኩት።

"ስምህ አለበት?"

"እናቴ ናት ለቆራሌው የሰጠችው።"

"የእናትህ ነበር በላ።"

"ስማ ወንድሜ፣ የያዝከውን አታውቅም። ይሄ የጃንሆይ ሚኒስትር ሱሪ የተተኮሰበት ካውያ ነው!" ከዚያ አፌ አልዘጋ አለኝ። ግብሩን ነገርኩት። ሱሪው በየትኛው በዓል እንደተለበሰ ነገርኩት። ሚኒስትሩ ካውያው ካልጋለ ቤተ መንግሥት አልሄድም ይሉ እንደነበር ሁሉ ነገርኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ስለ እናቴ ጠባሳ ትንፍሽ አላልኩም። በርሜል የሚቀዱት ሁለት ሰዎች መዶሻቸውን አቁመው ያዳምጡኛል።

ወጣቱ ካውያውን ከማዳበሪያው ላይ አነሳው። የዶሮዋን ራስ በእጅጌው ወለወላት። ከዚያ ወደ ኋላው፣ እጄ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጠው።

"አምስት ሺህ።"

"አሁን አራት መቶ አላልክም?"

"እሱ የካውያው ዋጋ ነው።"

"እሺ፣ ያለ ሚኒስትሩ ስጠኝ።"

"ሚኒስትሩማ አንዴ ገብቷል ፋዘር። እንዴት አድርጌ ላውጣው?"

ሰባት መቶ አልኩት፣ ሺህ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ትቼው ሄድኩ፤ ይጠራኛል ብዬ እግሬን እየጎተትኩ። አልተሳሳትኩም። የምድጃ ሠሪዎቹን ጥግ ሳልታጠፍ ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ።

"ፋዘር! ፋዘር!"

ፊቴን ሳላዞር ቆምኩ። ሺህ ሁለት መቶ ካለኝ እወስደዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

"የምን ሚኒስትር ነው ያልከኝ?"