ኧረ ይሄን መስኮት በየት በኩል ልያዘው?

ዛሬ ቆሽቴ አርሯል። ብሶቴ ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ የማነበው ሰነድ መስኮት የሰዎቹን ፊት ሸፈነብኝ። ምን ችግር አለው? አናቱን ይዞ ወደ ጎን መጎተት ነው። ግን አናቱ የታለ? ድሮ ከመስኮቱ በላይ የፋይሉ ስም ብቻ የተጻፈበት ባዶ አግዳሚ ነበር። እጀታችን እሱ ነበር። አሁን በግራ የሴቭ ምልክት፣ መሃሉ ላይ የፍለጋ ሳጥን፣ ከዚያ የራሴ ፎቶ (መልኬን እንዳልረሳው ይሆን?)፣ ከዚያ ደግሞ ሥራቸውን እስከዛሬ ያልደረስኩበት ሦስት ነጥቦች። ክፍት የመሰለኝን ቦታ ይዤ ስጎትት ፍለጋው ተከፈተ። ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ስሞክር ፎቶዬ ሥር ያለው ዝርዝር ዱብ አለ።

ሰነዱን ትቼ ብሮውዘሩን ላንሳ አልኩ። እሱማ ብሶ! አናቱ ከዳር እስከ ዳር ታብ ነው። አንዱን ታብ ይዤ ኖሮ ተገንጥሎ ለብቻው መስኮት ሆነ። ወደ ቦታው ልመልሰው ስታገል የሌላውን ታብ ሚጢጢ ኤክስ ነካሁ። ከጠዋት ጀምሮ ስሞላው የነበረው ቅጽ በዚያው ቀረ።

እሺ፣ ላጥብበው። ጠርዙ ከፀጉር ይቀጥናል። ቀስቱ ባለሁለት ራስ እስኪሆን ትንፋሼን ውጬ አደባለሁ። ሆነልኝ ብዬ ስጫን ከኋላ ያለው መስኮት ዘሎ ፊት ይመጣል።

ፖል ፊትስ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ጽፎታል፤ የምንነካው ነገር ባነሰና በራቀ ቁጥር እጃችን እሱ ላይ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል። ከዚያ ወዲህ ሰባ ዓመት አልፏል። ስክሪኑ ሲሰፋ ቁልፎቹ እንደ ጤፍ እያነሱ ሄዱ። ማስፊያዋን ከመዝጊያዋ ጋር ያጎራበተውን ሰውማ ባገኘው!

ደግሞ ቦታቸው። ዊንዶውስ 95 እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመጣ ኤክስን ቀኝ ጥግ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በፊት ለመዝጋት ግራ ጥግ ያለችውን ሳጥን ሁለቴ መጫን ነበር። ማክ ላይ መዝጊያው በግራ ነው፣ እሱም መስኮቱን እንጂ ሁልጊዜ ፕሮግራሙን አይዘጋም። ኡቡንቱ የተባለው ሌላው የኮምፒውተር ሥርዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ቁልፎቹን ወደ ግራ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ቀኝ መለሳቸው። እኔ ቢሮ አንዱን፣ ቤት ሌላውን ስለምጠቀም እጄ መስኮት ሊዘጋ በሄደ ቁጥር ባዶ ጥግ ሲደባብስ ይውላል።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ መላ ነገረኝ። ዊንዶውስ ላይ አልትን ከስፔስ ጋር ተጫን፣ ቀጥሎ ኤምን፣ ከዚያ በቀስቶቹ ግፋው። ሞከርኩት፣ ሠራ። ማውሱን ታዲያ ምን ላድርገው?