ማስተካከያ፦ ስለ አኳሪየም ራስ-ሰር የውኃ መሙያ

ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ «ገንዳው ሞልቶም በማጣሪያው የፍሳሽ ቱቦ ውኃ መውረዱን ካላቆመ ተንሳፋፊውን ቫልቭ ቀይሩ» ብለን ነበር። ምክሩ እንደሚከተለው ይታረም።

ተንሳፋፊው ቫልቭ የሚዘጋው ወደ ገንዳው የሚገባውን የተጣራ ውኃ ብቻ ነው። የሬቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያውን፣ ማለትም ውኃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጣራውን መሣሪያ፣ የሚያስቆመው ባለ አራት ቀዳዳው ራስ-ሰር መዝጊያ ነው። ተንሳፋፊው ሲዘጋ በተጣራው ውኃ መስመር ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ የመግቢያውን ግፊት 2/3 ያህል ሲደርስ በመዝጊያው ውስጥ ያለውን ስስ ጎማ ተጭኖ የሚገባውን ውኃ ያቋርጣል። ይህ ግፊት ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚይዘው በሜምብሬኑ (በማጣሪያው ስስ ሽፋን) መውጫ ላይ ያለው ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውኃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ነው። እርሱ ካረጀ መዝጊያው በዘጋ ቁጥር መልሶ ይከፈታል፤ ስንት ባልዲ ንጹሕ ውኃም በከንቱ ይፈሳል! ስለዚህ በመጀመሪያ እርሱን ፈትሹ፦ የመግቢያውን ውኃ ዘግታችሁ ንቀሉትና በሁለቱም በኩል እፍ በሉበት። አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማለፍ አለበት። ደህና ከሆነ የመዝጊያው ቱቦዎች ተቀያይረው እንዳልተገጠሙ ተመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠረጠረው የመዝጊያው ጎማ ነው።

ተንሳፋፊው የሚጠረጠረው ገንዳው ራሱ ከልኩ በላይ ሲሞላ ነው። ያን ጊዜም አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት በኮምጣጤ ዘፍዝፋችሁ የተጋገረበትን ኖራ አስለቅቁ፣ በደንብም አለቅልቁት። የባሕር ዓሣና ኮራል የምታሳድጉ በተለይ አትዘግዩ፤ ጨው አልባ ውኃ ያለ ልክ ሲገባ የገንዳውን ጨዋማነት አውርዶ ኮራሉን ይጎዳል።