ውሻን «ልጄ» ለምትሉ

ቡችላውን «ልጄ» እያለ ሹራብ የሚያለብስ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ሲረሳ ያበግናል! ክትባቱ በ3 ወሩ ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል። የትል መድኃኒቱ ደግሞ ከ2 ሳምንቱ ጀምሮ እስከ 3 ወሩ በየ15 ቀኑ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ከትሪው ማጉረሱ ነው። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው፤ ቢቁላላም ቢደርቅም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ድዱ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ማንም ወጡን አይጠረጥርም፤ «ቡዳ በላው» ይባላል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል። ጅማ ደግሞ ቡና ያልተፈላበት ጓሮ የለም፤ የጀበናውን አተላ ደጅ ላይ ደፍታችሁ ትገባላችሁ። ውሻው ከላሰው ካፌይኑ ልቡን ያስሮጠዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሲብስም ይገድለዋል።

ኧረ በፈጠራችሁ! ሩዝና ሥጋ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ለብቻው ቀቅሉለት። የእንስሳት ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ፤ ጠይቁ።

ሰው ከነከሰ ደግሞ «የኛ ልጅ ንጹሕ ነው» ብሎ ነገር የለም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ የተነከሰውን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ዛሬውኑ።