የአል አዚዚያ 58 ዲግሪ ከተሰረዘ ቆየ

«በምድር ላይ የተመዘገበው ከፍተኛ ሙቀት የሊቢያዋ አል አዚዚያ 58 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው» ላልከው ወንድሜ፣ ትንሽ እርማት አለኝ። እኔም የሸመደድኩት ይህንኑ ነበር። ግን የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ሰርዞታል።

በ1922 ቴርሞሜትሩን ያነበበው ሰው ለሥራው አዲስ ነበር ተብሏል። መሣሪያው ውስጥ የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት የምትይዝ ትንሽ ጠቋሚ አለች። መነበብ ያለበት የታችኛው ጫፏ ነው። እሱ የላይኛውን ሳያነብ አልቀረም። በቃ፣ 7 ዲግሪ ያህል ጨመረ!

አሁን ሪከርዱ የአሜሪካው ዴዝ ቫሊ ነው፤ በ1913 የተለካ 56.7 ዲግሪ። የኛ ዳሎልስ? የእሷ ሪከርድ ሌላ ነው። ከ1960 እስከ 1966 የተለካው የዓመት አማካይዋ ከ34 ዲግሪ ይበልጣል። ሌሊቱም ፋታ አይሰጥም ማለት ነው።